ውሃ የሞላው የመኪና ዋሻ፦ ሰው የሚያልቀው ጣሪያው ሲፈርስ ነው ወይስ መግቢያው ሳይዘጋ ሲቀር?

ሾፌር_ከብሩክሊን ጻፈ፦

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። የምኖረው ኒው ዮርክ ነው፤ እንጀራዬም መኪና መንዳት ነው። ብሩክሊንን ከማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ጋር በውሃ ሥር የሚያገናኘው ዋሻ፣ የቀድሞው ብሩክሊን ባተሪ የአሁኑ ሂው ኬሪ፣ የዘወትር መንገዴ ነው። ርዝመቱ 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያገለግል ኖሯል።

ከአገር ቤት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናቶች ስጭን ገና ወደ ውስጥ ማቆልቆል ስንጀምር ያማትባሉ። «ይህ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ወንዙ በላያችን ሊወርድ አይደል?» ይሉኛል። አረጋጋቸዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ይኸው ዋሻ ከመግቢያ እስከ መውጫ በባሕር ውሃ ተጥለቅልቆ እንደነበረ አውቃለሁ። ወደ 60 ሚሊዮን ጋሎን የሚጠጋ ውሃ ነው ተመጥጦ የወጣው፤ በሊትር ከ220 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መንገዱ ስለተዘጋ አንድም መኪና ውስጥ አልቀረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ባይዘጋስ ኖሮ? ሾፌር ሆኜ መሃል ላይ ውሃ ቢመጣብኝ ምን ማድረግ ነው ያለብኝ? ከመኪና መውረድ ወይስ መስኮት ዘግቶ መጠበቅ? የምታውቁ አስረዱኝ።

የውሃ_መሐንዲስ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራዬ ፍሳሽና ፓምፕ ነው፤ አሁን በኖርዌይ ነው የምኖረው። እዚህ አገር ከባሕር ወለል በታች የሚያልፍ የመኪና ዋሻ ብርቅ አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ሪፊልኬ የተባለው ዋሻ ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ጥልቁ ቦታው ከባሕር ወለል 292 ሜትር በታች ነው። አለቱ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ይህ ግን የታወቀና የተለካ ነው። ጠብታው በቦይ ተሰብስቦ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፣ እዚያ ያለው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለእናቶቹ የምትሰጣቸው መልስ ትክክል ነው። በአገልግሎት ላይ ባለ ዋሻ ውስጥ ሰው የሞተባቸውን የጎርፍ አደጋዎች ብትመረምር ውሃው የመጣው በጣሪያ አይደለም፤ መኪናው በገባበት በር ነው። ዋሻ በሁለቱም ጫፍ ከፍ ብሎ መሃሉ ላይ የሚጎደጉድ ነገር ነው። ከመግቢያው ደፍ በላይ የሆነ ውሃ፣ የዝናብም ይሁን የወንዝ ወይም የባሕር ማዕበል፣ አንዴ ደፉን ከተሻገረ ሌላ መሄጃ የለውም፤ ቁልቁል ወርዶ መሃሉን ይሞላል። ሾፌሩም ሳያውቀው ውሃው ወደሚሄድበት ነው የሚነዳው።

ፓምፑ የሚታቀደው ለጠብታውና በመግቢያው ላይ ለሚወርደው ተራ ዝናብ ነው። ወንዝ ሰብሮ ሲገባ እንዲያወጣ የተሠራ ፓምፕ እኔ አላየሁም።

ከቾንጁ ጻፈች፦

ሰላም። ደቡብ ኮሪያ፣ ቾንጁ ከተማ ነው የምማረው። መሐንዲሱ ወንድማችን ያሉት ነገር እዚህ በዓይን የታየ ነው፤ የኦሶንግን አደጋ ሰምታችሁ ይሆናል።

ሐምሌ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) ነው። ለቀናት ያላባራ ዝናብ ነበር። ጉንግፕዮንግ ሁለተኛ የሚባለው መሿለኪያ 430 ሜትር ይረዝማል፤ በአቅራቢያው ሚሆ የተባለው ወንዝ ያልፋል። በወንዙ ላይ ድልድይ እየተሠራ ስለነበር ነባሩ የወንዝ ዳር ክትር በከፊል ፈርሶ በምትኩ ጊዜያዊ የአፈር ክትር ተከምሮ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10 ላይ ወንዙን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጠዋት 1 ሰዓት ከ2 እና እንደገና 1 ሰዓት ከ58 ላይ ለፖሊስ ስልክ ተደውሏል። መንገዱን የዘጋ ግን አልነበረም። ክትሩ ተደረመሰ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ መሿለኪያው እስከ ጣሪያው ሞላ። የገባው ውሃ 60,000 ቶን ያህል ይገመታል፤ ጊዜውም ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው የተባለው።

17 መኪኖች ተያዙ፣ 14 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በአንድ የከተማ አውቶቡስ የነበሩ ናቸው። የአውቶቡሱ ዘወትራዊ መስመር በውሃ ስለተዘጋ ሾፌሩ አማራጭ ብሎ ነበር በዚያ የመጣው። ውሃው ከፊት ሲመጣበት ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እንዲወጡ ሲረዳ ቆይቶ እሱም እዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ በሕይወት የተረፉት እንዴት እንደተረፉ ማወቅ ይጠቅማል። ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ አውቶቡሱን ከኋላ ሊገፋው ሞከረ፤ አልሆነም፣ የራሱም ሞተር ጠፋ። መስኮቱን ሰብሮ ጣሪያው ላይ ወጣ። በጎን መመልከቻው መስታወት ላይ የተንጠለጠለች ሴት አየ፤ ጎትቶ አወጣት። ከዚያም ውሃ ላይ ይንሳፈፉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ደገመ። ሦስት ነፍስ ማለት ነው። የጭነት መኪናው ቁመት ነው ያን ጥቂት ደቂቃ የሰጣቸው። ሌሎች ደግሞ የግድግዳውን መደገፊያ ብረት እየያዙ ከውሃው ጋር እየታገሉ ወጥተዋል።

የውሃ_መሐንዲስ ጻፈ፦

እኅቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቁጥር ልደግፈው። በዚያ መሿለኪያ አራት ፓምፖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በደቂቃ 3 ቶን የሚያወጡ፣ ሲደመሩ 12 ቶን። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው በውሃ ስለተዋጠ አልሠሩም። ብዙ ሰው «ፓምፑ ቢሠራ ኖሮ» ሲል እሰማለሁ፤ ቢሠራስ? 60,000 ቶን ለ12 ስናካፍለው 5,000 ደቂቃ ነው፤ ከሦስት ቀን በላይ። ሰዎቹ የነበራቸው ሦስት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ስለ ፓምፕ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ወሳኙ ጥያቄ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ10 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 ባሉት አራት ሰዓታት ተኩል ውስጥ መንገዱ ላይ መሰናክል የሚያቆም ሰው ለምን ጠፋ የሚለው ነው። ይህ ያንገበግበኛል። መንገድ ለመዝጋት ሁለት ሰውና አንድ መኪና ይበቃል።

የድሬ_ልጅ ጻፈ፦

ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ደቻቱ በጋውን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ዋዜማ ሌሊት ላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ፈጅቷል። ውሃው የሚመጣው አንተ ከቆምክበት ሰማይ አይደለም፤ ደጋ ላይ ከዘነበው ነው። «እዚህ እኮ ካፊያ ነው» ብሎ መግባት ነው የሚያስጨርሰው። ኦሶንግም ላይ ሾፌሮቹ ያዩት የረጠበ አስፋልት ነው እንጂ ወንዙን አላዩትም።

ታዛቢ_ከአዳማ ጻፈ፦

ሁላችሁም ከመኪና ስለመውጣት ታወራላችሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። መኪና ብረት ነው፤ መስኮቱ ተዘግቶ ከሆነ አየር ይይዛል። ውሃው ውስጥ ወርዶ በጨለማ ከመወሰድ እዚያው ተቀምጦ ለእርዳታ ስልክ መደወል አይሻልም? ጎርፍ መንገድ ላይ የወሰዳቸው ብዙዎች ከመኪና የወረዱ ናቸው።

የውሃ_መሐንዲስ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህ መሠረት የለውም አልልም። ሜዳ ላይ፣ ውሃው ጉልበት ሳይደርስ በቆመበት ቦታ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መጠበቅ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል። ዋሻ ግን ሌላ ነው። ሜዳ ላይ ውሃው ይሰፋል፤ ዋሻ ውስጥ ከፍ ከማለት በቀር ምርጫ የለውም፤ በላይህ ደግሞ ሰማይ ሳይሆን ኮንክሪት ነው። መኪናው ቢንሳፈፍ እንኳ የሚንሳፈፈው ወደ ጣሪያው ነው።

የበሩን ነገር አስላው። የመኪና በር አንድ ሜትር ያህል ይሰፋል እንበል። ውሃው ከበሩ ታችኛ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል በበሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 45 ኪሎ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ 90 ኪሎ የሚሆን ይመስላል፤ አይደለም፣ 180 ኪሎ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ400 ኪሎ ያልፋል። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኦሶንግ ላይ በነበረው ፍጥነት ከ30 ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ለመድረስ ስልኩ ጠርቶ እስኪነሳልህ ያለው ጊዜ በቂ ነው። በዚያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብዙ ትናንሽ መኪኖችን ከመሬት ያላቅቃል፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚንቀሳቀስ ውሃ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። መሪ መያዝህ ከዚያ በኋላ ምንም አያደርግልህም።

መኪናው አየር ይይዛል ያልከውም ለአጭር ጊዜ ነው። የበሩ ጎማ ለዝናብ የተሠራ ነው እንጂ ለመስመጥ አይደለም። ሞተሩ ያለበት የፊት አካል ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ አፍንጫው ይሰምጣል፤ አየሩ ወደ ኋላ ይሸሻል።

ከጓንጁ ጻፈ፦

እኔ በንግድ ቻይና ነው ያለሁት፤ የጄንጆውን ልንገራችሁ። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በዚያች ከተማ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ልብ በሉ፣ በአንድ ሰዓት! ጂንግጓንግ የሚባለው ሰሜናዊ የመኪና ዋሻ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ እንደ ኦሶንግ ወንዝ አይደለም የገባው፤ የከተማው ጎዳና ውሃ ነው በመግቢያው የወረደው።

ያን ያህል ሰው ለምን ተያዘ ብትሉ መልሱ የመኪና መጨናነቅ ነው። ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ነበር። ከዋሻው ማዶ መንገዱ ስለተዘጋ ሰልፉ ውስጥ ድረስ ቆሟል፤ ወደፊት መሄድ የለም፣ መመለስ የለም። ውሃው ጎማ ሲነካ ሰዎቹ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ይጠብቁ ነበር። አንድ ሾፌር የራሱን መኪና ጥሎ ወርዶ ከመኪና ወደ መኪና እየሮጠ መስታወት እያንኳኳ «ውጡ! ውጡ!» እያለ ብዙ ሰው አስወጥቷል። ያንን የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ምስል በአገሩ ሁሉ ታይቷል። በኋላ ዋሻው ሲደርቅ የተጎተቱት መኪኖች 247 ናቸው፤ በዚያ ዋሻ የሞቱት 6 ሰዎች። ያ ሰውየና እሱን የሰሙት ባይወርዱ ኖሮ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ አስቡት። መንግሥት ያደረገው ምርመራም ዋሻው በጊዜው አልተዘጋም ብሏል።

በዚያው ዕለት በከተማዋ የምድር ባቡር አምስተኛ መስመር 14 ሰዎች ሞተዋል። ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ታዛቢ_ከአዳማ ጻፈ፦

ስለ ጄንጆ የተጻፈው አሳምኖኛል። ግን እኮ ሰው መኪናውን ጥሎ መሄድ ይከብደዋል፤ በተለይ የሰው መኪና የሚነዳ። ያላለቀ የባንክ ዕዳም ያለበት አለ። ይህንንም አስቡበት።

የበረሃ_ሾፌር ጻፈ፦

ወንድሜ ታዛቢ የተናገርከው የእኛን ሕይወት ነው። ዱባይ የቤተሰብ ሾፌር ነኝ። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) የወረደውን ዝናብ ታስታውሳላችሁ፤ አል አይን አካባቢ በ24 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ተለክቷል። ያ በዚህ በረሃ የዓመታት ዝናብ ነው። መሿለኪያዎቹ ሐይቅ ሆኑ። አሠሪዬ ስልክ ደውለው ልጆቹን ሄጄ እንዳመጣ አዘዙኝ። ከአንድ መሿለኪያ አፍ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ከፊቴ የነበረ ነጭ መኪና ቀስ ብሎ ገባ፤ ውሃው መጀመሪያ የፊት ታርጋውን፣ ከዚያ መብራቱን ሸፈነ፤ መብራቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ቢጫ ሆኖ በራ፤ ከዚያ ጠፋ። ሰውየው በመስኮት ወጥቶ በደረቱ እየዋኘ ተመለሰ። እኔ አልገባሁም። ዘግይቼ በሌላ መንገድ ስደርስ የተነገረኝን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

እኛ ዘንድ ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ ሾፌሩ አደጋውን ያውቃል፣ «አልገባም» ለማለት ግን ፈቃድ ያለው አይመስለውም። በዱባይ ወሽመጥ ሥር ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የሺንዳጋ ዋሻ አለ፤ በየቀኑ የሚያልፍበት የሐበሻ ሾፌር ብዙ ነው። ወንድሞቼ፣ ለአሠሪ የሚነገረው ቀላል ነው፤ «መንገዱ በውሃ ተዘግቷል፣ ልጆቹን ይዤ ልገባ አልችልም»። ልጆቹን ጠቅሳችሁ ተናገሩ። ለእናንተ ባያዝን ለልጆቹ ይሰማል።

ነርሷ_ከሚኒሶታ ጻፈች፦

የበረሃው ወንድሜ፣ እንኳን አልገባህ። ስለ መስታወቱና ስለ መውጣቱ እኔ ልጻፍ፤ ሥራዬ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚህ አገር በክረምት መኪና በረዶ ሰብሮ ሐይቅ ውስጥ ስለሚገባ ሥልጠናው ይሰጠናል።

በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት መኪና ውስጥ ሰው አስቀምጠው ውሃ ውስጥ እየከተቱ ብዙ ሙከራ አድርገዋል። መኪናው ከመስመጡ በፊት የሚንሳፈፈው ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የደህንነት ቀበቶ መፍታት፣ መስኮት መክፈት፣ ልጆችን መጀመሪያ ማውጣት፣ ራስ መውጣት። ስልክ መደወል በዚህ ውስጥ የለም። የሚደወለው ከወጡ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ያቺን አንድ ደቂቃ የሚጨርሳት ቦታውን ለስልክ ሰው በማስረዳት ነው።

የኤሌክትሪክ መስኮት ውሃ እንደነካው ወዲያው አይሞትም፤ ስለዚህ አይሠራም ብላችሁ ሳትሞክሩ አትተዉት። ውሃው መስኮቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ግፊቱ መስታወቱን ከክፈፉ ጋር ስለሚያጣብቀው አይወርድም። ከጎርፍ አጠገብ ገና ስትደርሱ፣ ውሃ ጎማ ላይ ሳለ፣ መስኮቱን አውርዱት። ዝናብ ቢያረጥባችሁ ምን አለበት።

«መኪናው በውሃ እስኪሞላ ጠብቀህ ግፊቱ ሲተካከል ክፈተው» የሚል ምክር ሲዞር አያለሁ። እባካችሁ አታሰራጩት። በሩ የሚከፈተው ውስጡ በውሃ ከሞላ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ትንፋሽ ይዞ በጨለማ መቆየት የሚችል ማን ነው? ሕፃን ልጅስ?

ሾፌር_ከብሩክሊን ጻፈ፦

እኅቴ በጣም አመሰግናለሁ። መስታወት የሚሰብር ትንሽ መዶሻ በመኪናዬ አለ። የወንበሩን ራስ መደገፊያ ነቅሎ በብረቱ መስበርም ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። ይሠራል?

ነርሷ_ከሚኒሶታ ጻፈች፦

በራስ መደገፊያው አትተማመን ወንድሜ፤ ለዚያ አልተሠራም፣ በጭንቀት ሰዓት መንቀሉም ራሱ ከባድ ነው። መዶሻው ይጠቅማል፤ ግን መስታወቱን እወቅ። የፊት መስታወት በማንኛውም መኪና ድርብ ሆኖ መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ገለፈት አለበት፤ ይሰነጠቃል እንጂ አይከፈትም፤ እሱን አትሞክር። የጎን መስታወት ቀድሞ ሁሉም ሲመታ እንደ በቆሎ ፍሬ የሚበተነው ዓይነት ነበር። አሁን ግን ብዙ አዳዲስ መኪኖች ለድምፅ መከላከያና ሰው እንዳይወረወር ሲባል በጎን በሮቻቸውም ድርቡን መስታወት አድርገዋል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ስድስት ዓይነት መስበሪያ ፈትሾ ነበር፤ አራቱ ተራውን መስታወት ሰበሩ፤ ድርቡን የሰበረ አንድም አልነበረም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከወጡ ሞዴሎች ከሦስት አንዱ ድርብ የጎን መስታወት እንዳለውም በዚያው ጊዜ ተናግሯል።

መስታወቱ ተራው ከሆነ መሃሉን አትምታ፤ ማዕዘኑን ምታ። መዶሻውን ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጠው። ቀበቶ ታስረህ፣ መኪናው አጋድሎ፣ በጨለማ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሰቀል።

የውሃ_መሐንዲስ ጻፈ፦

ሾፌር ወንድሜ መጀመሪያ ላይ «ምን ማድረግ አለብኝ» ብለህ ነበርና የዋሻውን ክፍል ልመልስልህ። ዋሻ ውስጥ ስትነዳ አረንጓዴ ምልክት ያለባቸው የማምለጫ በሮች ታያለህ። እነዚህ በአብዛኛው ለእሳትና ለጭስ የታቀዱ ናቸው፤ ወደ ጎን ወዳለው ሌላው መተላለፊያ ነው የሚያሻግሩህ። እሳት ሲሆን ያ ሕይወት ነው። ጎርፍ ሲሆን ግን የጎኑ መተላለፊያም በዚያው ከፍታ የተሠራ፣ በዚያው መግቢያ የሚጀምር ስለሆነ እሱም እየሞላ ሊሆን ይችላል። በሩ በቀጥታ ወደ ምድር ገጽ የሚወጣ ደረጃ ካለው ሂድበት። ከሌለው ግን ወደ ዳገቱ ተራመድ። በምንም ምክንያት ቁልቁል አትሂድ፤ የማምለጫ በሩ መቶ ሜትር ቁልቁል፣ መውጫው አምስት መቶ ሜትር ሽቅብ ቢሆን እንኳ ሽቅቡን ምረጥ።

ውሃው ከመጣህበት መግቢያ እየወረደ ከሆነ ዳገቱን መውጣት ማለት ውሃውን ተጋፍቶ መውጣት ነው፤ ስለዚህ መሃሉን ትተህ የግድግዳውን ጥግ ይዘህ፣ የጥገና ሠራተኞች የሚሄዱበት ከፍ ያለ መረማመጃ ካለ በእሱ ላይ ወጥተህ፣ መደገፊያውን ሳትለቅ ነው የምትሄደው። መብራት ይጠፋል ብለህ አስብ፤ የሚሰማህ የውሃው ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ድምፁ ደግሞ በግድግዳው ስለሚያስተጋባ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። አቅጣጫህን የምታውቀው በእግርህ ነው፤ መሬቱ ሽቅብ ከሆነ ልክ ነህ።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን እዚያ ሳይደርሱ ነው። መግቢያው ላይ ውሃ ተኝቶ ካየህ፣ ወይም ከፊትህ ያለው ሰልፍ ውስጥ ድረስ ቆሞ ዝናቡ ከበረታ፣ አትግባ። ከኋላህ ያለው ጡሩምባ ይንፋ።

ከቾንጁ ጻፈች፦

እዚህ ከአደጋው በኋላ የተደረገውን ላክልበት፤ ጥፋቱ የሾፌሮች ብቻ ተደርጎ እንዳይቀር ነው። ከኦሶንግ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም.፣ ቡሳን ከተማ ቾርያንግ በሚባል መሿለኪያ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። እዚያ መግቢያው ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነበር፤ ተበላሽቶ ነበር። ኦሶንግ ላይ ደግሞ በራሱ የሚወርድ መዝጊያ ገና አልተተከለም ነበር። ከሁለተኛው እልቂት በኋላ ነው መሿለኪያ ውስጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መንገዱ እንዲዘጋ ደንብ የወጣው፤ በግድግዳዎቹ ላይ መያዣ ብረትና መሰላል መተከል የጀመረውም። የድልድዩ ግንባታ ኃላፊ በመጀመሪያ 7 ዓመት ከ6 ወር ተፈርዶበት በይግባኝ ወደ 6 ዓመት ወርዶለታል። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን ከእሱ በላይ ያሉት ባለሥልጣናት እንዲጠየቁ እስከ ዛሬ ይጮኻሉ። እኔም እውነታቸውን ነው እላለሁ፤ ስልክ የተደወለላቸውና ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ቢሮ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

የድሬ_ልጅ ጻፈ፦

ስለ ሂው ኬሪ ዋሻ የማውቃትን ልጨምር። ከሳንዲ በኋላ በመግቢያዎቹ ላይ እያንዳንዱ 20 ቶን የሚመዝን የጎርፍ መዝጊያ በር ተገጥሞለታል። ስለዚህ እናቶቹ ሲያማትቡ በመግቢያው ላይ ያለውን በር አሳያቸው፤ ከጣሪያው ይልቅ እሱ ነው የሚጠብቃቸው።

ሾፌር_ከብሩክሊን ጻፈ፦

አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አሁን ነው በቅጡ የገባኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ነርሷ እኅቴ፣ መኪናዬ ተራ ይሁን ድርብ መስታወት ያለው በምን ልለየው? ሰብሬ ልፈትነው አልችልም።

ነርሷ_ከሚኒሶታ ጻፈች፦

በየመስታወቱ ታችኛ ማዕዘን ላይ የፋብሪካው ትንሽ ማኅተም አለ፤ ዓይነቱ እዚያ ተጽፏል። ካልተነበበልህ መስታወቱን በከፊል አውርደህ የላይኛውን ጠርዝ ተመልከት፤ ድርብ ከሆነ መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ታያለህ። እያንዳንዱን በር ለየብቻ እየው፤ የፊት በሮቹ ድርብ ሆነው የኋላዎቹ ተራ የሆኑበት መኪና ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነ መውጫህ የኋላው መስኮት ነውና ተሳፋሪዎችህም እንዲያውቁት አድርግ፤ መዶሻውንም ከኋላ ወንበር እጅ የሚደርስበት ቦታ ስቀለው።